«እህቴ ሦስት ልጅ አጥብታ በጡት ካንሰር ታመመች፤ ታዲያ ማጥባት ይቀንሳል የሚሉት እውነት ነው?»

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ማታ ማታ ልጄን እያጠባሁ ነው የማነበው። ዛሬ እኔም ለመጻፍ ደፈርኩ።

ዕድሜዬ 33 ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሁለት ልጆች አሉኝ። ትልቁ አምስት ዓመቱ ነው፣ ትንሿ ገና ሦስት ወሯን አለፈች። ትልቁን በደንብ አላጠባሁትም። ያኔ «ወተትሽ አይበቃውም፣ ልጁ እየከሳ ነው» ሲሉኝ በሁለተኛው ወር ጡጦ ጀመርኩለት፣ ከዚያ ጡቴ ራሱ ነጠፈ።

በቀደም ትንሿን የ14 ሳምንት ክትባት ላስከትብ ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። ነርሷ ወረፋ ለምንጠብቀው እናቶች ስታስተምር፣ ማጥባት ለእናትየዋም እንደሚጠቅምና የጡት ካንሰርን እንደሚቀንስ ተናገረች። እኔ ሰምቼ አላውቅም፣ አብረውኝ የተቀመጡትም አልሰሙም። ቤት መጥቼ ለታላቅ እህቴ ሳላስብ ነገርኳት። እህቴ አምና በ41 ዓመቷ የጡት ካንሰር ተገኝቶባት አሁን ኬሞ እየወሰደች ነው፣ እኛ ቤት ነው ያለችው። ሦስት ልጆቿን ሁለት ሁለት ዓመት አጥብታ ነው ያሳደገችው። «እኔን ታዲያ ምን ጠቀመኝ?» ብላ ፊቷን አዞረች። ከዚያ ወዲህ እሷ ባለችበት ማጥባት እያሳቀቀኝ ጓዳ እገባለሁ።

በሚቀጥለው ወር ሥራ እመለሳለሁ። አማቴ «የዱቄት ወተቱን ካሁኑ አስለምጃት» ይላሉ። ባለቤቴ ደግሞ «ሥራውን ተይና አጥቢ» ይለኛል፣ ግን በእሱ ደሞዝ ብቻ የቤት ኪራይ ተከፍሎ መኖር አንችልም። በግራ ጡቴም ያበጠ ነገር አለ፣ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፣ ወተት የቋጠረ ይሆናል ብዬ ትቼዋለሁ። ሌሊት የማስበው ትልቁን ባለማጥባቴ እኔም እንደ እህቴ እታመም ይሆን እያልኩ ነው። ነርሷ ያለችው እውነት ነው? እውነት ከሆነ እህቴስ? ምን ላድርግ?

ግራ የገባኝ እናት፣ ከአዲስ አበባ

*

የኔ እህት፣

ስለ ማጥባቱም፣ ስለ ሥራሽም፣ ስለ እህትሽም እመጣለሁ። መጀመሪያ ግን ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር ጣል አድርገሽው ያለፍሽውን ነገር ላንሳ። ግራ ጡትሽ ላይ ያለው እብጠት።

ሦስት ሳምንት ሆኖታል ብለሻል። ለባለቤትሽ ነግረሽዋል? አይመስለኝም። እህትሽ እዚያው ቤት ውስጥ እየታከመች የራስሽን ማንሳት ከብዶሽ ይሆናል፣ ካወራሁት እውነት ይሆንብኛል የሚል ፍርሃትም ይኖርሻል። ሁለቱም ይገባኛል። ቢሆንም ይኼ የሚቆይ ጉዳይ አይደለም።

የምታጠባ እናት ጡት ላይ የሚወጣ እብጠት አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደለም። ወተት የሚወርድበት ቱቦ ይዘጋና ይቋጠራል፣ ወይ ጡቱ ይቆጣና ይቀላል፣ ያተኩሳል፣ አንዳንዴም ወተት ያቆረ ከረጢት ይፈጠራል። የተዘጋ ቱቦ ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ለውጥ ያሳያል። ሁለት ሳምንት አልፎት ያልጠፋ እብጠት ሐኪም ሳያየው «ወተት ነው» ተብሎ አይተውም፣ በተለይ እህቷ በ41 ዓመቷ በታመመችባት ሴት ላይ። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ሂጂ። ብቻሽን አትሂጂ፣ ባለቤትሽን ይዘሽው ሂጂ። አልትራሳውንድ ወተቱንም ልጅቷንም አይጎዳም፣ በመርፌ ናሙና መውሰድ ቢያስፈልግም እያጠባሽ ይሠራል። ከመታየትሽ በፊት አጥቢያት ወይም እለቢው፣ ጡቱ ሲለሰልስ ምርመራው ይቀላል። ለሐኪሙ ስለ እህትሽ ከነዕድሜዋ ንገሪው። «ማጥባት ስትጨርሺ እናየዋለን» ቢልሽ እሺ ብለሽ አትመለሺ፣ አልትራሳውንድ እንዲታዘዝልሽ ጠይቂ። ቆዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ከተቦዳደሰ፣ የጡቱ ጫፍ ወደ ውስጥ ከገባ ወይም ደም ካወጣ፣ ብብትሽ ስር የሚዳሰስ ነገር ካለ፣ ደግሞ ለጡት ቁጣ የተሰጠሽ መድኃኒት ካላሻለሽ ይኼን ሁሉ ሳትደብቂ ተናገሪ።

ለእህትሽ አሁን ትነግሪያታለሽ ወይስ ውጤቱ ከታወቀ በኋላ? እዚህ ላይ ያንቺ ስሜት ይበልጣል። እኔ ብሆን ውጤቱን እጠብቅ ነበር። ቀጠሮዋ ላይ ሌላ ጭንቀት መጨመር አያስፈልግም፣ የምትደገፊበት ሰው ደግሞ ባለቤትሽ አለልሽ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። አዎ፣ ነርሷ ያለችው እውነት ነው። እናቶች ይኼን ሳይሰሙ መቅረታቸው በጣም ያሳዝነኛል። እርግዝና ክትትል ላይ ስለ ልጁ ብዙ ይነገረናል። እንገሩን እንዳትደፊ፣ ቅቤ እንዳታቀምሺው፣ እስከ ስድስት ወር ውሃም አትስጪው። ይኼን በቃላችን እናውቀዋለን። ስለ እናትየዋ ገላ ግን ብዙ ጊዜ ዝም ይባላል፣ እሷ ሰጪ ብቻ የሆነች ይመስል። ማጥባት የጡት ካንሰርን ብቻ ሳይሆን የማህፀን እንቁላል አፍሪ ካንሰርንና የሁለተኛውን ዓይነት ስኳር በሽታ ዕድልም ዝቅ ያደርጋል።

ምን ያህል? ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው፣ ያንቺንም የእህትሽንም ጥያቄ የሚመልሰው እሱ ነው። በፈረንጆቹ 2002 አንድ ትልቅ ጥናት ወጥቶ ነበር። ከ30 አገሮች 47 ጥናቶች ተሰብስበው፣ 50 ሺህ ያህል የጡት ካንሰር ያለባቸውና 97 ሺህ ያህል የሌለባቸው ሴቶች መረጃ አንድ ላይ ታየ። አንዲት ሴት በዕድሜዋ ያጠባችባቸው ወራት ተደምረው 12 በሞሉ ቁጥር በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድሏ በ4.3 በመቶ ይቀንሳል። እያንዳንዱ ወሊድ ደግሞ ለብቻው 7 በመቶ ይቀንሳል። 4.3 በመቶ ሲባል ከመቶ ሴቶች አራቱ ዳኑ ማለት እንዳልሆነ ልብ በይ። አንዲት ሴት ቀድሞ ካላት ዕድል ላይ፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ ከመቶ አራት እጅ ገደማ ይነሳላታል ማለት ነው።

ምክንያቱም ከባድ አይደለም። በደንብ ስታጠቢ የወር አበባሽ ይዘገያል፣ ጡትን የሚቀሰቅሰው ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ለወራት ዝቅ ይላል። ወተት ለመሥራት የጡት ሴሎች ይበስላሉ፣ የበሰለ ሴል ደግሞ በቀላሉ ከመስመር አይወጣም። ማጥባት ሲቆም ጡት ብዙ ሴሎቹን ያራግፋል፣ አብረውም የተጎዱ ሴሎች እንደሚወገዱ ይታሰባል።

ለአንዲት ሴት ቅናሹ መጠነኛ ነው። ለብዙ ሚሊዮን ሴቶች ሲደመር ግን ትልቅ ነገር ይሆናል። በፈረንጆቹ 2016 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ሥራ እንደገመተው፣ ማጥባት በዓለም ዙሪያ በሚገባ ቢስፋፋ በየዓመቱ 20 ሺህ ሴቶች በጡት ካንሰር ከመሞት ይተርፉ ነበር። ስለዚህ ነርሷ ማስተማሯ ልክ ነው፣ ደግሞም ትቀጥል። አንድ ነገር ብቻ ብትጨምርበት ደስ ይለኝ ነበር፦ ማጥባት ዕድሉን ይቀንሳል እንጂ በሽታውን አያስቀረውም፣ ምርመራንም አይተካም። አጎበር ስር የሚተኛ ሰውም አልፎ አልፎ ወባ ይይዘዋል፣ አጎበሩ ውሸት ሆኖ ግን አይደለም። በአገራችን ሁሉም እናት ማለት ይቻላል ታጠባለች፣ ሆኖም ከሴቶች ካንሰር የጡት ካንሰር አንደኛ ነው፣ ከሚታመሙት ብዙዎቹም ገና በሠላሳዎቹና በአርባዎቹ ዕድሜ ላይ ያሉ ናቸው። ግማሹን ብቻ የሰማች እናት «እኔ አጥብቻለሁ፣ እኔን አያገኘኝም» ብላ እብጠቷን ችላ ትላለች። ያላጠባችው ደግሞ እንዳንቺ ሌሊቱን ራሷን ስትወቅስ ታድራለች። ሁለቱም ያሳስቡኛል።

እንግዲህ ስለ እህትሽ። «ምን ጠቀመኝ?» ስትልሽ ስለ ጥናት የጠየቀችሽ አይመስለኝም። የምትችለውን ሁሉ አድርጋ የደረሰባትን ነው የነገረችሽ። ለእሷ ቁጥር አትንገሪያት፣ ቢያንስ አሁን አትንገሪያት። ማጥባቷ ምናልባት በሽታውን አዘግይቶላት ይሆናል፣ ምናልባትም አላዘገየላትም፣ በአንድ ሰው ላይ ይኼን ለይቶ የሚያውቅ የለም። ይኼ ግን በእሷ ጥፋት የመጣ ነው የሚያሰኝ ነገር የለም። ዕድሜ አለ፣ በዘር የሚመጣ አለ፣ ምክንያቱ ጨርሶ የማይታወቅም አለ። «በቀደም ሳላስብ ተናግሬ አሳዝኜሻለሁ፣ ይቅርታ። ምንም ያጎደልሽው ነገር የለም» ብትያት እንዴት ይሆናል?

ጓዳ መግባቱንም እስቲ አስቢበት። እሷን ላለመጉዳት እንደሆነ አውቃለሁ። እሷ ግን ምን ብላ እንደምትተረጉመው ጠይቀሻታል? በሽታዋ ያስፈራሽ ሊመስላት ይችላል። በቀጥታ ጠይቂያት፦ «ፊት ለፊትሽ ሳጠባ ይከብድሻል?» አዎ ካለች አክብሪላት። አይ ካለች ደግሞ አጠገቧ ቁጭ ብለሽ አጥቢ። ሦስት ልጅ ያጠባች ሴት ናት፣ ወተት ሲቀንስ ምን ታደርግ እንደነበር፣ ልጅ ጡት እምቢ ሲል እንዴት እንደምታባብለው ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቃለች። በሽተኛ ከሆነች ወዲህ ምክር የጠየቃት ሰው አለ? ሁሉም መካሪ ሆኖባት ይሆናል። በሕክምናው በኩል ተጨማሪ ድጋፍ ካስፈለጋችሁ ማቴዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ አዲስ አበባ ውስጥ አለ፣ ለካንሰር ሕሙማን ድጋፍ የሚያደርግ ማኅበር ነው።

ስለ ትልቁ ልጅሽ ደግሞ። አምስት ዓመት ሙሉ ይኼን ይዘሽ መቆየትሽ አሳዘነኝ። ያኔ የሆነው ምን ነበር? ሰዎች አይበቃውም አሉሽ፣ ጡጦ ጀመርሽ፣ ጡጦ ሲጀመር ልጁ የሚጠባው ይቀንሳል፣ ጡት ደግሞ ወተት የሚያመነጨው በተጠባው ልክ ነው፣ እናም ነጠፈ። ይኼ ያንቺ ጥፋት አይደለም፣ ያኔ አጠገብሽ ተቀምጦ አያያዙን የሚያስተካክልልሽ ሰው አልነበረም። ልጅ ክብደቱ እየጨመረና በቀን ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ ሽንቱን እየሸና ከሆነ ወተቱ እየበቃው ነው፣ ይኼን ለትንሿ ያዢው። ያኔ ያጠባሻቸው ሳምንታትም ከንቱ አልቀሩም፣ ወራቱ ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው ይደመራሉ። አሁን ትንሿን የምታጠቢው ሁሉ በዚያ ላይ ይጨመራል።

እውነቱን ልንገርሽ ካልሽ፣ ላንቺ ከትልቁ ልጅሽ ጡጦ በብዙ የሚከብደው የእህትሽ መታመም ነው። እናቷ፣ እህቷ ወይም ልጇ የታመመችባት ሴት በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድሏ ከሌላው በግምት እጥፍ ነው። ላስፈራሽ አይደለም፣ እጥፍ ሆኖም አብዛኞቹ አይታመሙም። ግን ክትትል ያስፈልግሻል። ብዙ ሐኪሞች በቤተሰብ ውስጥ የታመመችው ከታወቀባት ዕድሜ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ ክትትል እንዲጀመር ይመክራሉ። እህትሽ በ41 ከሆነ ያንቺ በ31 ነበር፣ አሁን 33 ነሽ። ስለዚህ እብጠቱን ስትታዪ በዚያው ስለ ዓመታዊ ክትትልም ተነጋገሪ። በእናትም በአባትም ወገን የጡት ወይም የእንቁላል አፍሪ ካንሰር የነበረባት ሴት ካለች ቤተሰቡን ጠይቂ፣ የአባት ወገን ብዙ ጊዜ ይረሳል።

አሁን ሥራሽ። ባለቤትሽና አማትሽ ያቀረቡልሽ ሁለት መንገድ ነው፣ ወይ ሥራ መተው ወይ ጡት መተው። ሦስተኛ መንገድ አለ፣ ብዙ እናቶችም ይሄዱበታል። መጀመሪያ ቀኖችሽን ቁጠሪ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጥሻል፣ ቀኑ እንዴት እንደሚቆጠር መሥሪያ ቤትሽን ጠይቂ። ያልተጠቀምሽበት የዓመት ፈቃድ ካለሽ በላዩ ላይ አስጨምሪ፣ አንድ ወር እንኳ ቢገኝ ልጅቷ ወደ ስድስት ወሯ ትጠጋለች። አለቃሽን ከመመለስሽ በፊት አነጋግሪው፣ «በምሳ ሰዓት በሩ የሚዘጋ ክፍል እፈልጋለሁ» ብለሽ በግልጽ ንገሪው። ቤትሽ ቅርብ ከሆነ ደግሞ ልጅቷን በምሳ ሰዓት ሊያመጡልሽ ይችሉ እንደሆነ አስቢ።

ማለብ ሥራ ከመግባትሽ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለሽ ተለማመጂ። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ብቻ ቢወጣ አትደንግጪ። እጅሽን በሳሙና ታጥበሽ፣ በፈላ ውሃ የተቀቀለ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ እለቢ። የታለበ ወተት እንደ አዲስ አበባ ባለ አየር ቤት ውስጥ ከታለበ በኋላ ለአራት ሰዓት ያህል ይቆያል፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ አራት ቀን፣ በደንብ በሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር ውስጥ ስድስት ወር ያህል። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን አለመክፈት ነው። ከቢሮ ወደ ቤት የምታመጪውን በረዶ ባለው ማቀዝቀዣ ቦርሳ ያዢው። ለመስጠት ሲሆን ዕቃውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ማስቀመጥ እንጂ እሳት ላይ መጣድ የለም፣ ጠጥታ ያስተረፈችው ይደፋል። በጡጦ ፋንታ በትንሽ ስኒ ስጧት፣ ስኒ ለማጠብም ይቀላል፣ ጡት እንዳትረሳም ይረዳል። ጠዋት ሳትወጪ፣ ማታ ስትገቢና ሌሊት አጥቢያት፣ የሌሊቱ ወተቱ እንዳይቀንስ ያደርጋል።

ይኼ ሁሉ ሆኖ አንዳንድ ቀን ባይሞላና የዱቄት ወተት ቢጨመርስ? ቢጨመር ሁሉም ነገር ፈረሰ ማለት አይደለም። ጠዋትና ማታ እያጠባሽ እስከ ሁለት ዓመቷ ብትዘልቂ ለእሷም ላንቺም ጥቅሙ አለ። ለልጄ ብዬ ላጥባ ወይስ ለራሴ ፈርቼ እያልሽ አትጨነቂ፣ ሁለቱ አይጣሉም። ፍርሃቱ ግን ብቻውን ሲነዳሽ አያሳርፍሽም፣ ወተት ያነሰ በመሰለሽ ቁጥር ካንሰር የመጣ ይመስልሻል።

ባለቤትሽ «ተይው» ያለሽ ስላሰበልሽ ይመስለኛል። ግን አንቺ ሥራሽን ትወጂዋለሽ? ደብዳቤሽ ላይ ኪራዩን እንጂ የራስሽን ፍላጎት አልጻፍሽውም። ቁጭ በሉና ወጪያችሁን በወረቀት ጻፉት፣ ከዚያ «ሥራ ከምተው ይልቅ ይኼን ብታግዘኝ» በይው፣ ስኒዎቹን መቀቀል፣ ማታ ትልቁን ልጅ ማስተኛት፣ ቅዳሜ አንቺ እንድትተኚ ልጅቷን መያዝ። አማትሽን ደግሞ አትከራከሪያቸው። እሳቸው የሚያስቡት ልጅቷ እንዳትራብ ነው። ሥራ ከመጀመርሽ በፊት አንድ ሁለት ቀን የታለበውን ወተት በስኒ እሳቸው ራሳቸው ይስጧት፣ «እማማ፣ እኔ ሳልኖር ይኼን የማምነው ለእርስዎ ነው» በያቸው። ልጅቷ በእጃቸው ጠጥታ ጠግባ ስትተኛ ካዩ በኋላ ስለ ዱቄት ወተቱ እንደገና ተነጋገሩበት።